የእህቴ ባል በረራና የአባቴ ድንበር

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ዓመት ባሏ መብረር ጀመረ። ማጋነኔ አይደለም፤ በጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ ከኮረብታ እየተነሣ በእውነት ይበር ነበር። ሰውየው የግብርና ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለአጭር ሥልጠና ወደ አውሮፓ ላከው፤ አፈር እንዴት እንደሚጠበቅ ሊማር ሄዶ ከአፈር እንዴት እንደሚለዩ ተምሮ መጣ። ዘመድ ሁሉ ጫማና ሽቶ ሲጠብቅ እሱ አንድ ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ብቻ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወረደ። በውስጡ እንደ ድንኳን የተጣጠፈ ብርቱካናማ ጨርቅ፣ ብዙ ቀጫጭን ገመድ፣ አንድ ሄልሜትና የክብሪት ቀፎ የምታህል ካሜራ ነበሩ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችው እህቴ።

"ፓራግላይደር ይባላል። ሞተር የለውም፤ የሚይዘው ነፋስ ነው።"

"ነፋሱ የለቀቀህ እንደሆነስ?"

ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፋ አድርጎ እጁን ሊታጠብ ወጣ።

እኔ ያኔ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ፈቀቅ ብሎ፣ የፎቶና የቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ጥበቤ የሠርግ ጥበብ ነው። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ አዘገያለሁ፤ ሚዜ ሲጨፍር አፈጥናለሁ፤ የሙሽራዪቱ እናት ስታለቅስ ዙሪያዋን በልብ ቅርጽ እከባለሁ። ከሁሉ በላይ የታወቅሁት ግን በአበባ ዝናቤ ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ኮምፒውተሬ ያላዘነበችባት ሙሽራ በደንብ የተዳረች አትመስልም ነበር። እንግዲህ የእህቴ ባል ይህን አውቆ ነው በየሰኞው ሚሞሪ ካርዱን ይዞልኝ መምጣት የጀመረው።

"እትዬ፣ እንደ ሠርግ አድርጊልኝ አልልም" አለኝ መጀመሪያ የመጣ ቀን። "ቤተሰብ የሚያየው ትንሽ ፊልም እንዲሆን ብቻ ነው። ልጃችን ክርስትና ሲነሣ ዳስ ውስጥ እናሳየዋለን።"

"ሙሽራው ማን ነው?" አልኩት ልቀልድ ብዬ።

"እኔ" አለ፤ እሱ አልቀለደም።

የሚበረው ከአባቴ መንደር በላይ ካለው ኮረብታ ነው። መንደሩ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀን ሲነሣ የአንድ ጎረቤት በሬዎች ቀንበር ሰብረው ጠፉ፤ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ሰበሰቡ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቀና ብለው አይተው "ለመንግሥት ይሆናል" ብለው ጉልጓሎአቸውን ቀጠሉ። በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ሲታይ ሁሉ ለመንግሥት ይሆናል ይባል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ባቄላ ማሳ ላይ ሲያርፍ የቀበሌው ሚሊሻ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቆሞ ጠበቀው።

"ፈቃድ አለህ?"

"ለምኑ?"

"ለሰማዩ።"

ወስዶ ለቀበሌው ሊቀመንበር አቀረበው። ሊቀመንበሩ ደግ ሰው ነው፤ ክንፉን ዳሰሰ፣ ገመዱን ሳበ፣ ካሜራዋን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አደመጠ። ከዚያ አሰብ አደረገና "ችግሩ መብረርህ አይደለም" አለው፤ "ችግሩ ብቻህን መብረርህ ነው። ሕዝቡ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ በሚሠራበት ጊዜ አንተ ተነጥለህ ለብቻህ ስትሄድ ለሌላው ጥሩ ትምህርት አይሆንም።" የእህቴ ባል ክንፉ አምስት ሰው እንደማይችል አስረዳ። ለጊዜው ታለፈ።

ቪዲዮውን ሳየው፣ የእግዜር ያለህ፣ አብዛኛው ራሱ ነው። ካሜራዋን በዘንግ ጫፍ አድርጎ ወደ ፊቱ አዙሯታል። አገጩ አለ፤ የአፍንጫው ቀዳዳ አለ፤ ጥርሱ በነፋስ ደርቆ ከንፈሩ አልገጠም ብሎ አለ። ጎጃም ከጆሮው ጀርባ በመጠኑ ይታያል። ድምፁ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የነፋስ ጩኸት ነው፤ ጣልቃ የሚገባው በተነሣ ቁጥር፣ እግሩ መሬት ሲለቅ፣ የሚጮኸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ወይኔ እናቴ!"

"እሱን አጥፊውና ዘፈን አስገቢበት" አለኝ።

"ከጠቅላላው ሰው የሚወደው እሱን ነው።"

"እትዬ፣ እኔ እዚያ ላይ አልፈራም እኮ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

አጠፋሁለት። ነፋሱን አወጣሁ፤ ዋሽንት አስገባሁ፤ ከኮረብታው ጫፍ ሲወረወር አዘገየሁት። እውነቴን ነው፣ ሲዘገይ ያምርበት ነበር። አገጩን ግን ምንም ላደርገው አልቻልሁም። በመጨረሻ "ሰው አገርም ማየት ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ካሜራዋን ጫማህ ላይ እሠራት" ብዬ መከርሁት። ያን ምክር ባልመክረው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በጥር አጋማሽ ካሜራዋን ጫማው ላይ አስሮ በረረና ካርዱን አመጣልኝ። ስከፍተው የተወለድሁበት መንደር ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል። የቆርቆሮው ጣራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ክብ ጫካ፣ ገና ያልተወቃው የዳጉሳ ክምር፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው የከብት መንገድ፣ ሁሉም። ከሁሉም የሚያምረው አንድ ቦታ ነበር፤ የክንፉ ጥላ መሬት ላይ ወርዶ፣ እንደ ትልቅ አሞራ ተዘርግቶ፣ በማሳው ላይ ቀስ ብሎ ይሻገራል። የእህቴ ባል ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ይሄን አትንኪብኝ! ሌላውን እንደፈለግሽ ቁረጪ፤ ይሄን ግን አትንኪብኝ።"

እሱ ከሄደ በኋላ ለብቻዬ ደግሜ አየሁት። ጥላው የሚሻገርበት ማሳ የአባቴ ነው። ከማሳው አጠገብ ቢጫ ሆኖ የሚታየው የመንደሩ የወል ግጦሽ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ አለች፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ሾላዋ ድንበር ነበረች። ከወዲህ የእኛ፣ ከወዲያ የከብቱ። አሁን ከላይ ስትታይ ሾላዋ ከአባቴ ማሳ መሐል ቆማለች። ግጦሹ ዙሪያውን አይጥ እንደበላው እንጀራ ተሸራርፏል፤ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ገምጧል፤ ትልቁ ጉርሻ ግን የኛ ነው። ምድር ላይ ቆሞ ላየው አይታወቅም፤ ጉብታው ይሸፍነዋል። አባቴ ደግሞ፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፣ በየስብሰባው ተነሥተው "ግጦሹን አትንኩ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ላም ትረግማችኋለች" የሚሉ ሰው ናቸው። የሞዴል አርሶ አደርነት የምስክር ወረቀታቸውም ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ወደ ሱቄ አስገባኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

"አባዬ፣ ይቺ የማን ማሳ ናት?"

"የኔ ናታ!" ደስ አላቸው። "እንዴት አምራለች እናንተ!"

"ሾላዋስ ድሮ የት ነበረች?"

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ፣ ቀና፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። "ሾላዋ" አሉ በመጨረሻ፣ "ተንቀሳቅሳ ይሆናል።"

"ዛፍ ይሄዳል እንዴ?"

"በዚህ ዘመን ያልሄደ ምን አለ ልጄ? ወረዳው ራሱ ስንት ቦታ ሄዷል።" ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዲያው ደመና ማስገባት አትችይም?"

"በጥር ደመና?"

"ትንሽ። ለሾላዋ ያህል።"

"አባዬ፣ ሰው ይስቅብኛል። በጥር ደመና አይኖርም ይለኛል።"

ቀና ብለው ግድግዳዬ ላይ የሰቀልሁትን የሙሽሮች ፎቶ አዩ። "በጥር አበባስ ይዘንባል እንዴ? እሱን ስታዘንቢ ማን ሳቀብሽ?"

አፌን ዘጉኝ። ቢሆንም ደመና አላደርግም አልኋቸው፤ ቦታውን ቆርጬ እንዳላወጣው ደግሞ አማችዎ ጥላዬን አትንኪ ብሏል አልሁ። "እሱ ጥላውን ነው የሚያየው፣ እኔን የሚያጋልጠኝ ግን መሬቱ ነው" አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ከወረዳ አንድ ሰው መጣ፤ የልማት ሥራ ቪዲዮ የሚያሰባስብ፣ ጥቁር ቦርሳ የማይለየው ወጣት ነው። ከአየር የተነሣ ፊልም እንዳለ ሰምቷል። በዚያ ኮረብታ ላይ የተሠራውን እርከን ከላይ ማሳየት ይፈልጋል። ከፈትሁለት። አየን። ኮረብታው ከመንገድ በኩል በእርከን ተሸፍኗል፤ መኪና ከማያልፍበት ከጀርባው በኩል ግን ድንጋይ የነካው ያለ አይመስልም።

ወጣቱ ደጋግሞ ተመለከተ። "ካሜራው ጥራት የለውም" አለ።

"የኛን አጥር ችካል እንኳ አጥርቶ ያሳያል" አልሁት።

"እንግዲያው የሌላ ቦታ ኮረብታ ወስደሽ እዚህ ጋ መቀጠል አይቻልም? አረንጓዴ የሆነ።"

"ይሄ የቤተሰብ ፊልም ነው ወንድሜ። ለክርስትና ነው።"

"ቤተሰብም የልማቱ አካል ነው" አለኝ በቁም ነገር፤ ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ። አንዱ ደመና፣ አንዱ ተራራ እየጠየቀኝ የሠርጌን ሥራ ረሳሁት። ሙሽሮች የሚለምኑኝ ቢበዛ ብጉር እንዳጠፋላቸው ነው።

እህቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። አባቴ ግቢ ዳስ ተጣለ፤ ቴሌቪዥኑ በባጃጅ ተጭኖ ከፍኖተ ሰላም መጣ፤ ጀነሬተር ከአንድ ወፍጮ ቤት ተዋስን። መንደሩ ሁሉ፣ የማኅበር ወዳጅ፣ ከደምበጫ የመጣችው የእህቴ ባል እናት፣ ያ የወረዳው ወጣት ሳይቀር ዳሱን ሞሉት። አባቴ ከመሪጌታው ጎን ተቀምጠው ጠላቸውን አልነኩም። እህቴ ሕፃኗን እያጠባች "ዛሬ አባታችን ምን ሆነው ነው?" ስትለኝ፣ "ሙቀቱ ነው" አልኋት።

ፊልሙ ተጀመረ። የእህቴ ባል አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ፤ ሊያብራራ። መጀመሪያ ላይ፣ እሱ ከኮረብታው ሲነሣ፣ ሁሉም "እሰይ!" አለ። እናቱ ብቻ እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች። "ምነው እንዲህ ከሳህ ልጄ? ምግብ አይሰጡህም?" እህቴ ቀና ብላ አየቻትና ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች።

ካሜራዋ ወደ መሬት ስትዞር ግን እሱን የሚሰማው ሰው ጠፋ።

"ያ የኔ ቆርቆሮ ነው! ያው ዝገቱ!"

"ኧረ ይቺ ሁሉ ክምር ያንተ ናት? ዝናብ አበላሸብኝ ብለህ አልነበር ዘር ስጠይቅህ?"

"እዚህ ጋ" አለ የእህቴ ባል፣ "ነፋሱ ወደ ጎን ገልብጦኝ ነበር፤ እግዜር ነው ያተረፈኝ።"

"ዞር በል አንተ፣ ቤቴን ከለልኸው!" አለችው አንዲት ጎረቤት።

ከብት መንገዱ አለፈ። ግጦሹ ብቅ አለ። የሾላዋ አናት ከስክሪኑ ጥግ ሲታይ አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"አቁሚው ልጄ።"

አቆምሁት። ዳሱ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"ወገኖቼ" አሉ፣ "ይህን ልጅ ወደ ሰማይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

የእህቴ ባል አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ለጨዋታ የወጣ የመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ግጦሻችን አለቀ እያልሁ ስጮኽ ኖርሁ፤ ማን እንደጨረሰው ግን ከምድር ሆኖ አይታይም። ስለዚህ ከላይ የሚያይ ይውጣ አልሁ። ወጣ። አየ። መጀመሪያ የማንንም አላሳይም፤ የራሴን እዩ። ያቻትና ሾላዋ። ማሳዬ ውስጥ ገብታለች። እኔ ሳላውቅ በሬዎቼ ገፍተዋል። እመልሳለሁ።"

ሰው አጨበጨበ። ሴቶች እልል አሉ። አባቴ እንደዚያ ቀን ተከብረው አያውቁም። መሪጌታው ብቻ ጺማቸውን እያሻሹ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልክ ነው፤ በሬ ገፍቷል" አሉ። "ከፊቱ አንዲት ፊደል ብቻ ጎድላው ነው።"

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልገባውም። ከዚያ ከኋላ አንዱ ፊደሏን አገኛት፤ "በሬ" ፊት "ገ" አድርጎ "ገበሬ!" ሲል ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቁ፤ ሳይስቁ ቢቀሩ ይብስባቸው ነበር። ሳቁ ሲበርድ ግን በትራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ በለዘበ ድምፅ፣

"ቀጥዪ ልጄ። እንግዲህ የሌላውንም እንይ" አሉ።

ከብቱን ውኃ ማጠጣት የረሳ ሰው ትዝ አለው። ሁለት ሦስቱ ተነሡ። እኔ ልቀጥል እጄን ስሰድ ጀነሬተሩ ጠፋ። ነዳጅ ግን ነበረው፤ ኋላ አይቼዋለሁ። ማን እንዳጠፋው የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ጠላው ጥሩ እንደሆነ ማውራት ጀመረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱቄ በጋቢ ተሞላ። አንዱ ይገባል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ ሠርግ ሥራ ይጠይቃል፣ በመጨረሻ የእሱ ማሳ ብቻ እንዲታየው ይለምናል። አይቶ ሲጨርስ ላብ ያብሳል። ደመና የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ጥላ ይበቃኛል አለኝ። ለማንም አላደረግሁም። ነገሩ ግን ከእጄ ወጥቷል፤ ሽማግሌዎች ገመድና ችካል ይዘው ድንበሩን በእግር ዞሩ። እኔ እንደ ምስክር ቴሌቪዥን ይዤ ልመጣ ተባልሁ፤ እንቢ አልሁ። ግጦሹ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተመለሰ፤ ከብቱ እንደገና ከሾላዋ ሥር መተኛት ጀመረ። የድንበር ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት አባቴ ናቸው።

ወረዳውም በበኩሉ ተንቀሳቀሰ። የእህቴ ባል በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ፣ የኅብረተሰቡን ችግር ከአየር ላይ የፈታ ባለሙያ ተብሎ ተሸለመ። የተሸለመውም የአካፋ ምስል ያለበት ጋቢ ነው። ከስብሰባው ሲወጣ ያ ቦርሳ ያዢው ወጣት ጠጋ ብሎ፣ መመሪያ እስኪወጣ ድረስ መብረር እንደማይቻል ነገረው። መመሪያው አልወጣም። ከረጅም ምልልስ በኋላ ግን መፍትሔ ተገኘ፤ መብረር ይችላል፣ ካሜራውም ይፈቀድለታል፣ ወደ ታች እንዳያይ ብቻ።

አመሻሽ ላይ ወደ ሱቄ መጥቶ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። አኩርፏል።

"እትዬ፣ ዳስ ውስጥ እኔን ያየኝ አንድ ሰው ነበር?"

"እናትህ አይታሃለች።"

"እሷ ክሳቴን ነው ያየችው። ስበር ያየኝን ነው የምልሽ።"

አሳዘነኝ። ያን ሁሉ ወር ከፊቱ ጋር ስጣላ ኖሬ አንድ ጊዜም ሰውየውን እንዳላየሁት ገባኝ። ስለዚህ ለእነሱ ቤት ብቻ የሚሆን ሌላ ፊልም ሠራሁ። አበባ የለውም፣ ዋሽንት የለውም። አገጩን እንዳለ ተውሁት፤ ነፋሱንም፣ ጩኸቱንም መለስሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ሄጄ ለእህቴ ከፈትሁላት። ሕፃኗን አቅፋ አየች። "ወይኔ እናቴ!" ሲል በጣም ሳቀች። ከዚያ ነፋሱ ክንፉን ይዞ ወደ ላይ ሲያነሣው፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ተፈትቶ ሲስቅ፣ የእሷ ሳቅ ቆመ።

"እኔ እኮ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም" አለች።

"በሠርጋችሁ ቀን ስቋል፤ እኔ ነኝ የቀረፅኩት።"

"ያ ላንቺ ካሜራ ነው።"

በማግስቱ ያንን አንድም ቀን ነክታው የማታውቀውን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ስባ አወጣች። ክንፉን በግቢው ዘርግታ አየችው፤ በመጨረሻው በረራ ሲያርፍ ግራር ይዞት አንድ ጥግ ተቀዷል። እህቴ የልብስ ስፌት መኪና አላት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። የተቀደደውን ቦታ በሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ጣፈችው፤ ደጋግማ መርገጫውን ረግጣ፣ ጠርዙን አጥፋ፣ በሚገባ። ባሏ ከሥራ ሲመለስ አጣጥፋ ሰጠችው።

"ተሰፍቶልሃል። በል ሂድ፣ ብረር" አለችው።

ክንፉን ገለጥ አድርጎ ስፌቱን አየ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ይይዝ እንደሆነ ሳብ አደረገው፤ እሷን አየ፤ ስፌቱን አየ።

"እንዴት አድርገሽ ሰፋሽው እባክሽ!" አላት። "ብቻ ሰሞኑን ነፋሱ ጠንከር ብሏል። ትንሽ ይብረድለት።"

ክረምት ገባ፤ መስከረም ጠባ፤ መኸሩ ተሰበሰበ። እህቴ በየእሁዱ ነፋሱ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ገና አልበረደም ይላታል።